የቴስላ ቻርጀር “ለሁሉም ተከፈተ” ሲባል የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባለፈው ክረምት ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር፣ አጎቴ ቤት ቡና ልጠጣ ሄድኩ። ጋሼ ስልካቸውን ይዘው በር ላይ ጠበቁኝ።

“ና ግባ፣ ይኸው ቴስላ ቻርጀሩን ለሁሉም ከፍቶታል አሉ። የኔዋም ልትሞላ ነው” አሉኝ።

ቴስላ የአሜሪካ የኤሌክትሪክ መኪና ኩባንያ ነው፤ የሳቸዋ መኪና ግን ከቻይና የመጣች ኤሌክትሪክ ናት። የቴስላን ቻርጀር ከሌላ መኪና ጋር ያገናኛል የተባለውን አዳፕተር ደግሞ አሜሪካ ላለ ዘመድ ነግረው አስመጥተውታል። ከካርቶኑ አወጡት። ጥቁር፣ ወፍራም፣ እጅ ላይ ከበድ የሚል ነገር ነው። ወጥተን መኪናዋ ላይ ሊሰኩት ሞከሩ። አልገባም። ገልብጠው ሞከሩ። ጫፉ እንኳ አልገባም። ውስጥ ቡናው ቀዘቀዘ።

ከዚያ ወዲህ “የቴስላ ቻርጀር ለኔም መኪና ይሠራል?” የሚለውን ጥያቄ ከፒያሳ እስከ አዘዞ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። በጥር 2016 ነዳጅ የምትጠጣ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ በኋላ ኤሌክትሪኳ ጎንደርም እየገባች ነው። ወሬውም አብሯት ገብቷል።

1. “ተከፈተ” ሲባል “ለኔም ተከፈተ” ብሎ መስማት

ቴስላ ሱፐርቻርጀር የሚላቸውን ፈጣን ቻርጀሮች መጀመሪያ ካሊፎርኒያ ላይ የተከለው በፈረንጆቹ 2012 ነው። ዘጠኝ ዓመት ያህል ከራሱ መኪና በቀር የሌላ ኩባንያ መኪና አልተሞላባቸውም። በ2021 መጨረሻ ኔዘርላንድስ ላይ አስር ጣቢያዎችን ለሙከራ ለሌሎች ከፈተ። አሜሪካ ውስጥ ግንቦት 2023 ላይ ፎርድ ተስማማ፣ በወሩ ጀነራል ሞተርስ ተከተለ፣ ከዚያ ሌሎቹም ተግተለተሉ። የፎርድ ባለቤቶች ግን በተግባር መሙላት የጀመሩት በ2024 መጀመሪያ ነው።

ቴስላ ይህን ያደረገው ለጽድቅ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት በ2021 ሕግ ለቻርጀር ግንባታ 7.5 ቢሊዮን ዶላር መድቦ ነበር። ከዚያ ገንዘብ መካፈል የፈለገ የሌላውንም መኪና ማስተናገድ ነበረበት። በዚያ ላይ ሌላው ሰው ሲሞላ ይከፍላል፣ ያውም ከቴስላ ባለቤት በላይ፤ ዋጋው እንዲቀንስለት ወርሃዊ መዋጮ መግባት አለበት።

እዚያው አሜሪካም ቢሆን ሁሉም ጣቢያ አልተከፈተም። የቆዩት ሁለተኛ ትውልድ የሚባሉት ለሌላ መኪና ዝግ ናቸው። እኛ አገር ደግሞ የቴስላ ጣቢያ የሚባል ነገር የለም። ከአህጉራችን ሞሮኮ ላይ አለ። ከጎንደር ሞሮኮ ለመሙላት የሚሄድ ካለ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት።

2. ሶኬቱ ከገባ ይሠራል ማለት

ይሄኛው ትልቁ ነው፣ ትንሽ ልቆይበት።

የፈጣን ቻርጀር መሰኪያ በየአገሩ ይለያያል። የአሜሪካው የቴስላ መሰኪያ ዛሬ ጄ3400 የሚባል ደረጃ ሆኗል። አውሮፓ ሲሲኤስ 2 የሚባለው መሰኪያ ነው፤ ቴስላ ራሱ አውሮፓ የሚሸጣቸውን መኪኖች በሱ ነው የሚሠራቸው። እዚያ ለሌሎች መክፈት የቀለለው ለዚህ ነው፤ አዳፕተር አላስፈለገም፣ ሶፍትዌር ብቻ ተስተካከለ። ቻይና ደግሞ ጂቢ/ቲ የሚባል የራሷ አላት። ለቻይና ገበያ ተሠርተው እኛ ጋ የሚመጡት መኪኖች የያዙት ይህንኑ ነው። የመኪናህን መሙያ ክዳን ከፍተህ ሁለት የተለያዩ ቀዳዳዎች፣ አንዱ ለዝግታው አንዱ ለፈጣኑ፣ ካየህ፣ መኪናህም ከቻይና ከሆነች፣ ያንተ ጂቢ/ቲ ሳይሆን አይቀርም።

የቀዳዳው ቅርጽ ግን ግማሹ ነገር ነው። ፈጣን ቻርጀርና መኪና ኃይል ከመላካቸው በፊት ያወራሉ። “ስንት ቮልት ልስጥሽ? ባትሪሽ ስንት ደርሷል? ሙቀትሽስ?” ይላታል። እሷም ትመልሳለች፣ እየተሞላችም ሳታቋርጥ ትመልሳለች። ችግሩ ጂቢ/ቲ በአንድ ቋንቋ፣ ሲሲኤስ በሌላ ቋንቋ ነው የሚያወሩት። ፋሲል ግቢ በር ላይ ፈረንጅና ገበሬ ቢገናኙ አስጎብኚ መሃል ካልገባ ፈገግ ተባብለው እንደሚለያዩ ዓይነት ነው። ስለዚህ ሲሲኤስን ከጂቢ/ቲ የሚያገናኝ ትክክለኛ የፈጣን ቻርጀር አዳፕተር ውስጡ ትንሽ ኮምፒውተር አለው፣ ይተረጉማል። ሽቦ ከሽቦ ያገናኘ ፕላስቲክ ብቻ ከሆነ ቢገባም መኪናህ አትሞላም።

3. የዝግታውን አዳፕተር ለፈጣኑ መሞከር

የቤት መብራቱ ዓይነት ኤሌክትሪክ ኤሲ ይባላል፤ ባትሪ የሚቀበለው ዲሲ የሚባለውን ስለሆነ መኪናዋ ውስጥ ያለው መሣሪያ ወደ ዲሲ ይለውጠዋል። ፈጣኑ ቻርጀር ግን ዲሲውን ቀጥታ ባትሪው ላይ ያፈሳል። የኤሲ አዳፕተር ቀላልና ርካሽ ነው። የቴስላ መሰኪያ ኤሲውንም ዲሲውንም በእነዚያው ሁለት ፒኖች ስለሚያሳልፍ አዳፕተሮቹ መንታ ይመስላሉ። ሻጩ “ያው ነው” ካለህ አትመነው። አዳፕተሩ ገላ ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፒር አንብብ። ካልተጻፈበት አትግዛው።

4. በኪሎዋት መደመም

ሦስተኛው ትውልድ ሱፐርቻርጀር እስከ 250 ኪሎዋት ይሰጣል። መኪናህ 80 ብቻ ከተቀበለች 80 ነው የምታገኘው። እንዲያውም በ800 ቮልት የሚሠሩት፣ ለምሳሌ የሃዩንዳዩ አዮኒክ 5፣ እዚህ ጣቢያ ላይ ሲሰኩ ሌላ ቦታ ከሚሞሉበት ፍጥነት ያንሳሉ። ቻርጀሩ የተሠራው በ400 ቮልት ላሉት ስለሆነ።

ደግሞ ከ80 በመቶ በላይ እየዘገየ ይሄዳል። ሰው ተሰልፎ ሳለ 100 ካልሞላ የማይነሳ ሰው አለ። እግዜር ይየው።

5. ለአንድ ብራንድ ብቻ መትከል

ይሄ ለባለ ሆቴልና ለባለ ቦታ ነው። ፒያሳ አካባቢ ሆቴል ያለው ወዳጄ ቻርጀር ሊተክል ፈልጎ አማከረኝ። አንድ ሻጭ የአንድ ኩባንያ መኪና ብቻ የሚያስተናግድ አቅርቦለታል፣ ዋጋውም ደህና ነው። “ግን እንግዳህ በሌላ መኪና ከባሕር ዳር ቢመጣስ?” አልኩት። 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ ባትሪው ቀንሶ፣ ግቢህ ገብቶ “ያንተን አናስተናግድም” ሊባል ነው። ምሳውንም ሌላ ቦታ ይበላል። ቴስላ ብዙ ዓመት ቆይቶ የደረሰበትን ነገር እኛ ከመጀመሪያው ልናውቀው እንችላለን።

ለሱ የነገርኩትን ልድገመው። ሁለት ገመድ ያለው ግዛ፣ አንዱ ጂቢ/ቲ፣ አንዱ ሲሲኤስ 2። ቻርጀር ከሚያስተዳድረው ሲስተም ጋር የሚያወራበትን ኦሲፒፒ የሚባል ክፍት ቋንቋ ይናገር እንደሆነ ጠይቅ፤ ሻጩ ነገ ቢጠፋ በሌላ ሲስተም ታስተዳድረዋለህ። ክፍያው ሰው በለመደው ይሁን። ኢትዮ ቴሌኮም አዲስ አበባ ላይ በከፈታቸው ጣቢያዎች በቴሌብር ነው የሚከፈለው።

ገመዱም ይርዘም። ይሄ ቀልድ ይመስላል። የቴስላ መኪኖች መሙያ ከኋላ በግራ በኩል ስለሆነ ገመዱን ለዚያ ልክ አሳጥረው ሠሩት። ሌላ መኪና ሲመጣ ገመዱ አልደርስ አለ፣ ሰዉም ጠምዞ እያቆመ የሁለት መኪና ቦታ መያዝ ጀመረ። አዲሶቹ ላይ ገመዱን አስረዘሙት።

6. ጣቢያ እስኪመጣ በኤክስቴንሽን መኖር

እንደገና ወደ ጋሼ ልመልሳችሁ። አዳፕተሩ ሲከሽፍባቸው ከሳሎን በመስኮት ኤክስቴንሽን ዘርግተው መሙላት ጀመሩ። በ220 ቮልት 10 አምፒር ብትስብ 2.2 ኪሎዋት ነው። 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ከባዶ ለመሙላት ከ27 ሰዓት በላይ ማለት ነው። ያን ያህል ሰዓት ቀጭን ሽቦ ሲሸከም ይሞቃል። በሦስተኛው ሌሊት የፕላስቲክ ሽታ ቀሰቀሳቸው። ሶኬቱ ጠቁሮ፣ መሰኪያው ቀልጦ ተጣብቋል። አክስቴ ለሳምንት አላናገረቻቸውም።

ኤሌክትሪሻን አስመጥተን ከቆጣሪው ራሱን የቻለ ወፍራም መስመር ከራሱ ብሬከርና ከመሬት ሽቦው ጋር አዘረጋን። አሁን ማታ ትሰካለች፣ ጠዋት ለከተማ የሚበቃት ይኖራታል። አዘዞ ወርዶ ለመመለስ ሙሉ ባትሪ አያስፈልግም። ደባርቅ ሲወጡ ግን ዳገቱ ይበላል፣ ያን ቀን ከዋዜማው ጀምረው ይሰኩታል።

የአሜሪካው አዳፕተር አሁንም ቡፌው ላይ አለ፣ ከነካርቶኑ። ባለፈው እሁድ ስሄድ ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦ “ጎንደር ውስጥ የአሜሪካ ፎርድ የሚነዳ ሰው ታውቃለህ?” አሉኝ።