ያገለገለ የሮላንድ ማስፋፊያ ካርድ፦ የዋጋ ችግሮችና መፍትሄያቸው

የጃፓኑ የሙዚቃ መሣሪያ አምራች ሮላንድ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለሠራቸው የጄቪና የኤክስፒ ሲንተሳይዘሮች (ድምፅን በኤሌክትሮኒክስ የሚፈጥሩ የሙዚቃ መሣሪያዎች) ኤስአር-ጄቪ80፣ ቀጥሎም ለኤክስቪና ለፋንተም ሲንተሳይዘሮቹ ኤስአርኤክስ የተባሉ፣ መሣሪያው ውስጥ ተሰክተው ተጨማሪ ድምፆችን የሚሰጡ የድምፅ ማስፋፊያ ካርዶችን ያቀርብ ነበር። መሣሪያዎቹም ካርዶቹም መመረት ካቆሙ ቆይተዋል፤ ስለዚህ የቀረው ያገለገለ ዕቃ ብቻ ነው፤ ዋጋውንም ሻጩ እንዳሻው ይጠራዋል።

ችግር፦ ከአንድ ተከታታይ ከወጡ ሁለት ካርዶች አንዱ የሌላውን ብዙ እጥፍ ይጠየቅበታል።

ልዩነቱ በአብዛኛው ከድምፁ ጥራት ሳይሆን ከፈላጊው ብዛት የሚመጣ ነው። ለምሳሌ ከኤስአር-ጄቪ80 ካርዶች 04 ቁጥር የሆነው ቪንቴጅ ሲንዝ፣ ጄዲ-990 ለተባለው ሌላ የሮላንድ ሲንተሳይዘር ተብለው የተዘጋጁ ድምፆችን ጭምር ስለያዘ፣ የጄቪ ባለቤቶች ብቻ ሳይሆኑ የጄዲ-990 ባለቤቶችም ይሻሙበታል። በአንጻሩ 98 እና 99 ቁጥር የተሰጣቸው የኤክስፒሪየንስ ካርዶች ከሌሎች ካርዶች የተለቃቀሙ ድምፆች ስብስብ ስለሆኑ፣ ዋናዎቹን ካርዶች አስቀድሞ የገዛ ሰው ለአንድ ድምፅ ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

መፍትሄው የተጠየቀውን ዋጋ ትቶ ተመሳሳይ ካርድ በእርግጥ የተሸጠበትን ዋጋ መመልከት ነው፤ ለወራት ገዢ ያጣ ካርድ ላይ የተለጠፈ ቁጥር ምኞት እንጂ ዋጋ አይደለም። ከዚያም ድምፁ በሌላ መንገድ ይገኝ እንደሆነ ይጣራ። የዓለም ባህላዊ መሣሪያዎችን የያዘው ኤስአርኤክስ-09 ከቀድሞዎቹ የኤስአር-ጄቪ80 ካርዶች ከ05፣ 14 እና 18 ብዙ ድምፆችን ወርሷል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ኢንተግራ-7 የተባለው የሮላንድ የድምፅ ሞጁል (የራሱ ቁልፍ ሰሌዳ የሌለው ሲንተሳይዘር) ደግሞ ከኤስአርኤክስ-01 እስከ 12 ያሉትን ካርዶች ድምፆች በውስጡ ይዟል፤ ሮላንድ ራሱም የኤስአርኤክስ ድምፆችን በሶፍትዌር መልክ ያቀርባል። በእኔ ግምት በኮምፒውተር የሚቀርጽ ሰው የሰብሳቢዎችን ዋጋ የሚከፍልበት ምክንያት የለውም፤ ኤክስፒ-80 ይዞ መድረክ ላይ ለሚወጣ ግን ካርዱ ራሱ ያስፈልገዋል።

ችግር፦ በርካሽ የተገዛው ካርድ አይገጥምም፣ ወይም ገጥሞ ድምፁ አይገኝም።

ሁለቱ የካርድ ዓይነቶች መሰኪያቸው የተለያየ ነው። ጄቪ-1080 አራት የኤስአር-ጄቪ80 ቦታ ሲኖረው ኤስአርኤክስ አይቀበልም፤ ፋንተም-ኤስ የሚቀበለው ኤስአርኤክስን ብቻ ነው፤ ኤክስቪ-5080 ግን ለእያንዳንዱ ዓይነት አራት አራት ቦታ አለው። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የካርዱን መለያ ቁጥር በግልጽ የሚያሳይ ፎቶና ካርዱ ተሰክቶ የተነሳ የስክሪን ፎቶ ይጠይቁ። በጄቪ-1080 ላይ ካርዱ እንደተሰካበት ቦታ ከኤክስፒ-ኤ እስከ ኤክስፒ-ዲ ባሉት ምድቦች በአንዱ ይታያል። ዓይነቱ ትክክል ሆኖ ካልታየ፣ መሣሪያውን አጥፍተው ገመዱን ከሶኬት ይንቀሉ፤ በእጅዎ ያለው ስታቲክ ኤሌክትሪክ ካርዱን እንዳይጎዳ ባዶ ብረት ይንኩ፤ ከዚያም ካርዱን አውጥተው ሁለቱንም ጫፍ እኩል በመጫን መልሰው ይሰኩት። «አይሠራም» ተብለው በርካሽ ከሚሸጡ ካርዶች አንዳንዶቹ ችግራቸው በደንብ አለመሰካት ብቻ ነው።

ችግር፦ ካርዶቹ ለየብቻ ሲገዙ፣ መሣሪያው ከነካርዶቹ ከሚሸጥበት ዋጋ ይበልጣሉ።

መፍትሄው ካርዶች የተሰኩበትን መሣሪያ መፈለግ ነው፤ ብዙ ሻጭ በመሣሪያው ውስጥ ያለውን ካርድ ስለማያውቅ ማስታወቂያው ላይ አይጽፈውም፤ ስለዚህ ጠይቁ። መሣሪያው ከጃፓን የመጣ ከሆነ ግን ለ100 ቮልት የተሠራ ሊሆን ስለሚችል፣ አዲስ አበባ ላይ በ220 ቮልት ከመሰካቱ በፊት ጀርባው ላይ የተጻፈው ቮልት ይታይ፤ ትራንስፎርመር ካስፈለገም ወጪው ከዋጋው ጋር ይደመር። ካርዱ ኃይል የሚያገኘው ከመሣሪያው ስለሆነ ይህ እሱን አይመለከተውም።