«ቦዝ» ስትሉ እንግዳው ምን ይሰማል?

ድሬዳዋ ላይ ለሆቴል ሠራተኞችና ለአስጎብኚ ልጆች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። አዲስ ተማሪ ሲመጣ ቶሎ የማስይዘው «ቦዝ» (both)፣ ማለትም «ሁለቱም» የሚለውን ቃል ነው። ከእንግዳ ጋር ሲያወሩ በየደቂቃው ይመጣል፤ ሲበላሽም መዘዝ አለው።

«ቦዝ» ለሁለት ብቻ ነው። ስለ ሁለቱ የድሬ ሰፈሮች፣ ስለ ከዚራና መጋላ ስታወሩ ልክ ነው። ሐረር ወጥታችሁ አምስቱን የጀጎል ግንብ ጥንታዊ በሮች ስታሳዩ ግን «ኦል» (ሁሉም) በሉ። ከአምስቱ ሸዋ በርንና ቡዳ በርን ብቻ ለይታችሁ ካወራችሁ «ቦዝ ጌትስ» ይሆናል። መጨረሻ ላይ ያለችውን «ስ» አትጣሏት። እኛ «ሁለቱም በር» ብለን ስለምንግባባ ልጆቹ «ቦዝ ጌት» ይላሉ። ግሡም «አር» እንጂ «ኢዝ» አይደለም። «ዘ» ከፊቱ አይገባም፤ «ቦዝ ዘ ጌትስ» ወይም «ቦዝ ኦፍ ዘ ጌትስ» ነው። «ዘም» ወይም «አስ» ሲከተል «ኦፍ» የግድ ነው፦ «ቦዝ ኦፍ ዘም»።

«ኦሮምኛም ሶማልኛም ትችላለች» ማለት ስትፈልጉ «ሺ ስፒክስ ቦዝ ኦሮሞ ኤንድ ሶማሊ» በሉ። ድሬ ላይ ይህን ስለ ጎረቤቱ የማይል ማን አለ? ሁለት ሰዎች ሆነው ሁለቱም ሶማልኛ የሚናገሩ ከሆነ፣ ቃሉ ከግሡ በፊት ይገባል፦ «ዘይ ቦዝ ስፒክ ሶማሊ»። ከ«አር» ጋር ግን ኋላ ይቀመጣል፦ «ዘይ አር ቦዝ ኦፕን»።

አሁን ዋናው ጣጣ፣ አሉታው። አንድ ተማሪዬ እንግዳ መቀበያ ላይ ይሠራል። ማታ ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋር መጡ፤ ሁለት ክፍል ይዘዋል። ክፍሎቹ ገና አልጸዱም። ልጁ «ሁለቱም አልደረሱም» ብሎ በአማርኛ አሰበና «ቦዝ ሩምስ አር ኖት ሬዲ» አለ። ሰውዬው «እሺ፣ የደረሰውን አንዱን ስጠን፤ ልጆቹን እናስተኛ» አለና ለቁልፍ እጁን ዘረጋ። ልጁ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። እንግዳው ደግሞ ክፍል እያለ የተከለከለ መሰለው፤ ፊቱ ተለዋወጠ።

አቦ፣ ልጁ ሰነፍ አይደለም! አማርኛው «ሁለቱም» ሲል አሉታውንም ይሸከማል። «ቦዝ» ከ«ኖት» ጋር ሲሆን ግን «ሁለቱም ሳይሆኑ አንዱ ብቻ» ተብሎም ሊሰማ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱም የሉም፣ አልደረሱም፣ አይሠሩም ለማለት «ቦዝ»ን ተዉትና «ናይዘር»ን አንሡ፦ «ናይዘር ሩም ኢዝ ሬዲ»። «ናይዘር» ራሱ አሉታ ስለሆነ «ኖት» አይጨመርበትም። ስሙም ነጠላ ነው፤ «ሩም» እንጂ «ሩምስ» አይባልም። ተማሪዎቼን ይህችን ብቻ ደጋግሜ አስብላቸዋለሁ፤ ቁልፍ ሲያቀብሉ፣ ስልክ ሲያነሡ፣ አፋቸው ላይ እስክትገባ ድረስ።

ዋጋ ስትናገሩም ተጠንቀቁ። «ቦዝ ሩምስ ኮስት» ብላችሁ ብር ከጠራችሁ እንግዳው የአንዱ ይሁን የሁለቱ ድምር አይለይም። ለእያንዳንዱ ከሆነ «ኢች ሩም ኮስትስ» በሉ። ድምሩ ከሆነ «ዘ ቱ ሩምስ ቱጌዘር» ብላችሁ ጀምሩ፤ ብሩን ከዚያ በኋላ ጥሩ።