ሌሊት 11 ሰዓት መነሳት አቅቶኝ ነበር

ለ12ኛ ክፍል ፈተና ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቼ አጠናለሁ እያልኩ ሦስት ሳምንት አቃጠልኩ። ስልኬ ይጮሃል፣ በእንቅልፍ ልቤ አጠፋዋለሁ፣ ስነቃ ፀሐይ የጦሳን ተራራ መትታለች።

አምስት አላርም ደረደርኩ፤ አምስቱንም አጠፋኋቸው። ቲክቶክን ከስልኬ አነሳሁ፤ በማግስቱ መልሼ ጫንኩት።

ለካ ችግሩ ያለው ማታ ላይ ነው። እስከ 6 ሰዓት ስልክ ሲነካኩ አምሽቶ፣ በዚህ በደሴ ብርድ፣ በ11 መነሳት የማይሆን ነገር ነው።

የሠራልኝ ይሄ ነው፦ ማታ 3 ሰዓት ላይ ስልኬን እማዬ ክፍል ቻርጅ ላይ ሰክቼ እወጣለሁ። ከፒያሳ በባትሪ የሚሠራ የጠረጴዛ ሰዓት ገዛሁ። ከአልጋዬ አርቄ በሩ ሥር አስቀመጥኩት፤ ጋቢዬን አጠገቡ። ለማጥፋት መነሳት ግድ ነው፤ ከተነሳሁ ደግሞ ጋቢው እዚያው አለ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት 20 ደቂቃ ብቻ አጠናሁ።

ዛሬ 16ኛ ቀኔ ነው። የሱብሂ አዛን ሲሰማ ደብተሬ ተከፍቷል።