ወደ ሲሮስ ደሴት ለምትሻገሩ

ከአቴና ወደብ ከፒሬያስ በመርከብ ወደ ሲሮስ የምትሄዱ ወገኖች፣ ዳገቱን ከወደቡ ተነሥታችሁ በእግር አትጀምሩት። በታክሲ እስከ አኖ ሲሮስ ውጡና ቁልቁል እያያችሁ ውረዱ። አኖ ሲሮስ የካቶሊኮች ሰፈር ነው፤ አናቱ ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1635 የተመሠረተው የካፑቺኖች (የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር) ገዳምም እዚያው ነው። ታች ያለችውን የወደብ ከተማ ኤርሙፖሊን የቆረቆሯት በግሪክ የነጻነት ጦርነት ከኪዮስና ከፕሳራ ደሴቶች የተሰደዱ ኦርቶዶክሶች ናቸው።

ኤርሙፖሊ ስትደርሱ የእመቤታችን ዕረፍት ቤተ ክርስቲያንን (ኪሚሲስ ይሉታል) እባካችሁ እንዳታልፉት። ታዋቂው ግሪካዊ ሠዓሊ ኤል ግሬኮ በወጣትነቱ የሣለው የዕረፍቷ ሥዕል ውስጡ አለ። ትንሽ ስለሆነ ቀረብ በሉ፤ ከግርጌ፣ በመቅረዙ እግር ላይ ፊርማውን ታገኛላችሁ። ይህ ፊርማ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው! እኔ ከፊቱ ለመነሣት ከብዶኝ ነበር።

በማለዳ ብትወጡ ይሻላል፣ ቀትር ላይ ብዙ በሮች ይዘጋሉ። ነጠላም ያዙ። ከተመቻችሁ ደግሞ በፋሲካ ሂዱ፤ በሲሮስ ካቶሊኮቹም ከኦርቶዶክሶቹ ጋር በአንድ ቀን ያከብራሉ፣ የእኛም የሚውለው በዚያው ዕለት ነው።