ያገለገለ የስኪ ጀልባ ልትገዙ ነው? ሐይቅ ላይ ሳታዩት ብር እንዳትሰጡ

ሚኒሶታ ውስጥ ጀልባ እጠግናለሁ። በብዛት የምነካካው ሞተራቸው ጀልባው ውስጥ የተቀመጠውን፣ ለውሃ ስኪና ለዌክቦርድ (አንድ ሰፊ ሳንቃ ላይ ቆሞ በጀልባ ለመጎተት) የሚሆኑትን ነው። የውሃ ስኪ ራሱ የተጀመረው እዚሁ ነው። በ1922 ራልፍ ሳሙኤልሰን የሚባል የ18 ዓመት ልጅ ፔፒን ሐይቅ ላይ ሁለት ሳንቃ እግሩ ላይ አስሮ በጀልባ እየተጎተተ ቆመ። ዛሬ ያገለገለ የስኪ ጀልባ እዚህ እንደ ጉድ ነው። ኤፕሪል ላይ በረዶው ሲቀልጥ ሽያጩ ይጦፋል። ጁን ላይ ገዢዎቹ እኔ ጋ ይመጣሉ።

የእኛም ሰዎች ይደውላሉ። “ማስተርክራፍት ይሻላል ናውቲክ?” እያሉ የጀልባ ማርካ ያማርጡኛል። እኔ የምጠይቃቸው ሌላ ነው፤ “ሐይቅ ላይ ነድታችሁታል?” አልነዱትም። ግቢ ውስጥ ሲነሳ አይተው ገዝተውታል።

ባትሪ፣ ዘይትና ካንዴላ ማየት ታውቃላችሁ ብዬ ልለፈው።

ምልክት፦ ቀስ ሲል ደህና ነው፣ ሲሮጥ ይሞቃል

ከአስር ጀልባ ሰባቱ ለዚህ ነው የሚመጣልኝ ብል አላጋነንኩም።

አብዛኞቹ የስኪ ጀልባዎች ራዲያተር የላቸውም። ሞተሩ ከሐይቁ ውሃ ይስባል፣ ሞኖብሎኩ (የሞተሩ የብረት አካል) ውስጥ ያዞረዋል፣ ከዚያ በጭስ ማውጫው ይተፋዋል። ውሃውን የምትስበው ፖምፓው ውስጥ ያለች፣ የቡና ሲኒ አፍ የምታክል፣ ዙሪያዋን የጎማ ቅጠል ያላት ነገር ናት። ኢምፔለር ትባላለች። የስንት ሺህ ዶላር ሞተር በእሷ ትከሻ ላይ ነው።

ብዙዎቹ ላይ ተርሞስታቱ (ሞተሩ ሲሞቅ ለውሃው መንገድ የሚከፍተው) 160 ዲግሪ ፋራናይት አካባቢ ይከፍታል። የሙቀት ጌጁ መርፌም እዚያው አካባቢ መቆም አለባት። 200 ካለፈች ሞተሩን አጥፉ። “እስከ ዳር ልድረስ” ብሎ ነገር የለም። አጥፉና ተጎተቱ።

ባለፈው ዓመት አንድ ደንበኛ የገዛውን ጀልባ ይዞ መጣ። ሻጩ ግቢው ውስጥ የቤቱን ቧንቧ አገናኝቶ 20 ደቂቃ አስነስቶ አሳይቶታል። መርፌዋ 160 ላይ ቁጭ። ሐይቅ ወስዶ ልጁን ሦስተኛ ዙር ሲጎትት 210 ገባች። ፖምፓውን ስፈታው ኢምፔለሯ ከስድስት ቅጠሏ የቀራት ሁለት ነው።

ታዲያ ግቢ ውስጥ ለምን አልሞቀም? የቤት ቧንቧ የራሱ ግፊት አለው። ፖምፓው ቢሞትም ውሃውን ገፍቶ ያሳልፈዋል። ሐይቅ ላይ ግን የሚገፋ የለም፣ መሳብ አለበት። ሻጩ ይወቀው አይወቀው እንጃ። የግቢ ሙከራ ስለ ፖምፓው ምንም አይነግራችሁም።

አሁን ዋናው ጥያቄ፦ አራቱ ቅጠሎች የት ገቡ? ይህን የማይጠይቅ መካኒክ ጀልባችሁን እንዳይነካው። አዲስ ኢምፔለር ገጥሞ ይልካችኋል፣ በሳምንቱ ትመለሳላችሁ። ሁለቱን ከተርሞስታቱ በፊት ያለው ቱቦ ውስጥ አገኘኋቸው። ሦስተኛዋ ተርሞስታቱ ቤት ውስጥ ተሰንቅራለች። አራተኛዋ ግማሽ ቀን በላችኝ። ወደ ጭስ ማውጫው የሚሄደው ቱቦ መታጠፊያ ላይ ተቀርቅራ ተገኘች። ሁሉንም ጨርቅ ላይ ከእናታቸው ጋር ገጣጥሜ፣ ክቡ ሲሞላ ነው ክዳኑን የዘጋሁት።

ሌላው ጉድ ደግሞ ይኸውላችሁ። ጀልባው ይሞቃል፣ ባለቤቱ “ኢምፔለሩ አዲስ ነው” ብሎ ይምላል። ፈታሁት፣ እውነቱን ነው፣ ስድስቱም ቅጠል ያብረቀርቃል። መልሼ ገጠምኩት። ተርሞስታት ቀየርኩ። ጌጁ ዋሽቶ ይሆናል ብዬ በሌዘር ቴርሞሜትር ለካሁ፤ አልዋሸም። ቱቦ ቀየርኩ። ሁለት ቀን ሄደ። በመጨረሻ ተናድጄ ኢምፔለሯን አወጣኋትና መሃሏ ላይ ያለውን ነሐስ በፒንሳ ይዤ ጎማውን በእጄ አዞርኩት። ዞረልኝ! ጎማው ከነሐሱ ተላቋል። ሞተሩ ቀስ ሲል ተያይዘው ይዞራሉ፣ ሲሮጥ ነሐሱ ብቻውን ይዞራል። ከኢንተርኔት በርካሽ የገዛው ዕቃ ነው። አስር ዶላር ለማትረፍ እኔን ሁለት ቀን አሰቃየኝ፣ እሱንም ሂሳብ አስከፈለው። ከዚያ ወዲህ አዲስም ቢሆን በእጄ ሳልጠመዝዝ አልገጥምም።

መፍትሄው ቀላል ነው፣ ግን በወግ ይሠራ። ክዳኑን ፍቱ። ኢምፔለሯን በካቻቢቴ እየፈነቀላችሁ ቤቷን አትጫሩት፤ የተጫረ ቤት ውሃ በጎን ያሾልካል። ክዳኑን በጥፍራችሁ ዳስሱት፣ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለው ይቀየር። አዲሷን የዕቃ ሳሙና ቀቡና አስገቡ። ግሪስ አይደለም፣ ግሪስ ጎማውን ያበላሸዋል። ቅጠሎቹ የሚተኙት ወደ ሞተሩ አዟዟር ተቃራኒ ነው፣ እንደሚጎተት ጅራት ከኋላ ይከተላሉ። ከስኪ ጀልባ ሞተሮች ብዙዎቹ ከመኪና በተቃራኒ ስለሚዞሩ በመኪና ልምድ አትገምቱ፤ አሮጌዋን ከማውጣታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። ጓርኒሲዮኑ (የክዳኑ ማሸጊያ) አዲስ ይሁን። በየዓመቱ ቀይሩ፣ አንድ መጠባበቂያም ጀልባው ውስጥ ይኑር።

ድምፁን ልስማው ብሎ ያለ ውሃ የሚያስነሳ ሰው ደግሞ አለ። ያቺን ጎማ የሚያለሰልሳት ውሃው ነው። ያለ ውሃ ግማሽ ደቂቃ እንኳ ይበቃታል። ሻጭ “ላሰማህ” ብሎ ቁልፍ ሊያዞር ሲል እጁን ያዙት።

ኢምፔለሯ ደህና ከሆነችስ? ውሃ መሳቢያው ላይ ሣር ፈልጉ። ብዙዎቹ ላይ ውሃው ወደ ፖምፓው ከመድረሱ በፊት በካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣው ያልፋል፤ ፊቱ ላይ ሣር እንደ ጎጆ ክዳን ተነጥፎ አግኝቻለሁ። ቱቦውን ፈትታችሁ በባትሪ ብርሃን እዩት። ሚኔቶንካ ሐይቅ ላይ በ2010 ዜብራ መስል የምትባል ትንሽ ቀንድ አውጣ መሳይ ተገኝታለች፤ ውሃ ውስጥ የሚያድር ጀልባ ላይ እሷም ቱቦ ትዘጋለች። ማጣሪያው ክዳን ላይ ያለው ጎማ ከደረቀ ደግሞ በውሃ ፈንታ አየር ይሳባል። ውሃ ስለማያንጠባጥብ ማንም አይጠረጥረውም።

ጀልባው ቀድሞ ሞቆ ከነበረ የጭስ ማውጫ ቱቦዎቹን ጨመቅ ጨመቅ አድርጉ። የተቃጠለ ጎማ ወይ ይልማል ወይ ይሰነጠቃል። እሱ ከተቀደደ ሞተሩ የሐይቁን ውሃ ጀልባው ውስጥ ይገለብጠዋል። እንዳታልፉት።

ምልክት፦ ዘይቱ ማኪያቶ መስሏል

ዲፕስቲኩን (የዘይት መለኪያውን) ስታወጡ ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውሃ ገብቷል። በሚኒሶታ ክረምት የመጀመሪያው ተጠርጣሪ በረዶ ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ያብጣል። ባለቤቱ በጥቅምት ውሃውን ሳያፈስ ከተወው ሞኖብሎኩን ይሰነጥቀዋል። ማፍሰሻውን ከፍቶ ምንም ካልወጣ “ባዶ ነው” ብሎ የሚሄድም አለ፤ ቀዳዳውን ዝገት ዘግቶት ነው እንጂ ባዶ አይደለም። ሽቦ ከትቶ መኮርኮር ነው።

ከጭስ ማውጫው በታች ያለውን የሞኖብሎክ ጎን በመስታወትና በባትሪ ብርሃን እዩ። አዲስ ቀለም ወይም ማጣበቂያ እዚያ ብቻ ካያችሁ ሻጩን ደህና ዋሉ በሉት። ሞኖብሎኩ አልተሰነጠቀም፣ ውሃ ያስገባው የቴስታታ ጓርኒሲዮን ሊሆን ይችላል ይላችኋል። ሊሆን ይችላል። እሱ ያስጠግነውና ይሽጥላችሁ። ለክረምት ማን እንዳዘጋጀው ጠይቁ፣ ደረሰኝ ይኑረው። “እኔው ራሴ” ካለ መፍታት ትጀምራላችሁ።

የቀሩት፣ ባጭሩ

ሲሮጥ ይንቀጠቀጣል? ፕሮፔለሩ ወይ እሱን የሚያዞረው ዘንግ ድንጋይ መትቶ ጎብጧል። ሁለቱም ደህና ከሆኑ የሞተሩና የዘንጉ አሰላለፍ ይለካ። መጋጠሚያው ላይ ያለው ክፍተት ከኢንች ሦስት ሺኛ መብለጥ የለበትም፤ የሚለካውም ጀልባው ውሃ ላይ ሆኖ ነው።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ በፊት በተሠሩት ብዙዎቹ ላይ ሞተሩ የተቀመጠበት ውስጡ እንጨት ነው። የሞተር መያዣ ብሎኖቹን በቁልፍ ለማጥበቅ ሞክሩ። ዝም ብሎ ከዞረ እንጨቱ በስብሷል። ያን መጠገን ማለት ጀልባውን እንደገና መሥራት ነው።

ዘንጉ የሚወጣበት ላይ ሲዞር ጠብ ጠብ የሚል ውሃ ካያችሁ አትደንግጡ፣ የድሮው ዓይነት እንደዚያ ነው የተሠራው። ከጠብታ አልፎ ሲወርድ ይጥበቅ። ካምቢዮው ሲገባ የሚንሸራተት ከሆነ መጀመሪያ ኬብሉን እዩ፣ ቀጥሎ ዘይቱን አሽትቱ።

ቤንዚን ቢሸትስ? እዚህ ላይ አልቀልድም። የቤንዚን ተን ከአየር ይከብዳል፣ ጀልባው ሆድ ውስጥ ይተኛል። ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት ከሞተሩ ክፍል አየር የሚያወጣውን ማራገቢያ 4 ደቂቃ አስነሱ። ከሸተተ አታስነሱ። አንድ ጀልባ ላይ ከመኪና ዕቃ መሸጫ የተገዛ ሞተሪኖ ተገጥሞ አግኝቼ እጄን በራሴ ላይ ነው የጫንኩት። የመኪናው ሞተሪኖ ብልጭታውን ወደ ውጭ ይለቃል፣ የጀልባው ግን የታሸገ ነው። መልካቸው አንድ ነው፣ ዋጋቸው ብቻ ይለያያል፣ ለዚህ ነው የሚሸወዱት። ሞተሪኖ፣ ዲናሞ፣ ካርቡሬተር የጀልባ መሆናቸውን አንድ በአንድ እዩ።

ሞተሩ እየሠራ ልጆች ከኋላ መወጣጫው ላይ አይቀመጡ። ጭሱ በዚያ ስር ነው የሚወጣው። ሳይታወቅ ይገድላል።

አዲስ ገዝታችሁ ራምፑ (ጀልባ ወደ ሐይቅ የሚወርድበት) ላይ እንዳወረዳችሁት ውሃ ከሞላ ደግሞ ምክንያቱ ታፖ፣ የጀልባው ውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ መክደኛ ነው። የሚኒሶታ ሕግ ጀልባ መንገድ ላይ ሲጎተት ታፖው ወልቆ እንዲሄድ ያስገድዳል፣ ከሐይቅ ሐይቅ ተባይ እንዳይጓዝ። ስለዚህ ሰው ያወልቃል፣ መልሶ መግጠም ይረሳል። እኔ የመኪናዬ ቁልፍ ላይ ነው የማስረው። አንዴ ራምፕ ላይ ሰው ሁሉ እያየኝ በሁለት እጄ ውሃ ስቀዳ ከዋልኩ በኋላ ነው የጀመርኩት።