ፒካፕን ለጎጃም ክረምት እንዴት ማዘጋጀት ይቻላል

ነሐሴ ላይ ነው። ከቢቸና ወጣ ብሎ ባለ የማሳ መንገድ ላይ ሂሉክሴ ተቀርቅራለች። ፎር ዊል አስገብቻለሁ፣ ሞተሩ ያጓራል፣ መኪናዋ ግን ንቅንቅ አትልም። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና «ጋሼ፣ የፊቱ እኮ አይዞርም» አለኝ። ወርጄ ሳይ የፊት ጎማዎቹ መሃል ላይ ያለው መቆለፊያ «ፍሪ» ላይ ነው። እኔ ጋቢና ውስጥ አጭሯን ማርሽ ስለሳብኩ ብቻ ፎር ዊል የገባ መስሎኛል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ብር አያስወጣም። መኪናችሁን እወቁት። የፊት ቸርኬው መሃል በእጅ የሚዞር መቆለፊያ ካለው፣ ከአስፋልት ስትወርዱ ሁለቱንም «ሎክ» ላይ አድርጓቸው። አዳዲሶቹ ላይ ይህ በራሱ ይሠራል። ሎው፣ ማለትም ፍጥነት ቀንሶ ጉልበት የሚጨምረው የፎር ዊል ማርሽ፣ የሚገባው መኪናው ቆሞ ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ ስትመለሱ ደግሞ ፎር ዊሉን አውጡት፤ የፊትና የኋላው እኩል እንዲዞሩ ስለሚገደዱ መታጠፊያ ላይ ብረቱ ይጨነቃል።

መኪናው ገና ካልተገዛ

ሀርድቶፕ የምንለው ላንድክሩዘር 70 ለእኔ አሁንም አንደኛ ነው። ፊትም ኋላም ድፍን አክስል፣ ማለትም ግራና ቀኝ ጎማን የሚያያይዝ አንድ ወጥ ብረት፣ አለው። እ.ኤ.አ. በ1990 የመጣው 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተሩ ኮምፒውተር ምናምን አያውቅም፤ ከበርሜል የተቀዳ ናፍጣ ብትሰጡትም ይሄዳል። ድክመቱ ቱርቦ፣ ማለትም አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ፣ የሌለው መሆኑ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አስረኛ ገደማ ያጣል። ደብረ ማርቆስ ራሷ ከ2400 ሜትር በላይ ናት፤ የጮቄ ጫፍ ከ4000 ያልፋል። ወደዚያ ሲወጣ እንደ ሽማግሌ እያረፈ ነው። ዋጋውም አይቀመስም።

ሂሉክስ ዲፎርዲ (አዲሱ የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ያለው) ቱርቦ ስላለው ዳገት ላይ ይሻላል፣ ነዳጅም ይቆጥባል። ኢንጀክተሩ ግን ውሃና ቆሻሻ ያለበት ናፍጣ አይችልም። ከጀሪካን የምትቀዱ ከሆነ የናፍጣ ፊልትሮው ሥር የሚጠራቀመውን ውሃ ቶሎ ቶሎ አፍስሱ። የፊት እግሩ ድፍን አክስል ሳይሆን ግራና ቀኙ ለየብቻ የሚንቀሳቀስ ነው። ይህቺን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ራቭፎር ያላችሁ አትቀየሙኝ። ፎር ዊል ቢሆንም ሎው የለውም፣ ሆዱም ዝቅ ያለ ነው። ለጠጠር መንገድ ይበቃል፣ ለዋልካ፣ ለጥቁሩ የሸክላ አፈር፣ ግን አይሆንም። ጭነት ከሌላችሁና ካገኛችሁ ደግሞ ሱዙኪ ጂምኒን አትናቁ። 1 ቶን ከምናምን ናት፣ ሎውም አላት። ትላልቆቹ የሰመጡበትን ዝም ብላ ታልፈዋለች።

ጎማና ንፋስ

ብር ካላችሁ መጀመሪያ ጎማ ላይ አውጡት። ግን አፈሩን እወቁ። ወደ ቢቸና ያለው ዋልካ ሲርስ እንደ ሊጥ ይጣበቃል፤ የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ልሙጥ ያደርገዋል። ወደ እንጅባራ ያለው ቀይ አፈር ላዩ ሳሙና ነው፣ ሥሩ ግን ጠንካራ ነው። ለቀዩ አፈር ቀጠን ያለ ጎማ ላዩን ሰንጥቆ ሥሩን ይይዛል። ሀርድቶፕ ላይ የሚገጠመው 7.50-16 ለዚህ የተሠራ ነው የሚመስለው። ለዋልካ ጥርሱ የተራራቀ፣ ጭቃውን እየወረወረ ራሱን የሚያጸዳ ጎማ ያስፈልጋል።

እውነቱን ለመናገር እኔ ያለኝ መካከለኛው ነው። የጭቃ ጎማ አስፋልት ላይ ይጮሃል፣ ቶሎም ያልቃል፤ እኔ ደግሞ ከወሩ 20 ቀን አስፋልት ላይ ነኝ። ጥልቅ ዋልካ ሲያጋጥመኝ እንደ አይሱዙ ሹፌሮቹ የኋላ ጎማ ላይ ሰንሰለት አስራለሁ።

ንፋስ መቀነስንም ያስተማረኝ አንድ የአይሱዙ ሹፌር ነው። «ወንድሜ፣ ትንሽ አስተንፍሰው፣ ሆዱ ይስፋ» አለኝ። አስፋልት ላይ 35 ፒኤስአይ የምትሞሉ ከሆነ ጭቃ ላይ ወደ 20 አውርዱት። ኋላ ጭነት ካለ 25 ይብቃው። ጎማው መሬት የሚነካበት ቦታ ይረዝማል፣ ክብደቱም ይከፋፈላል። ከ15 በታች ግን አትሂዱ፤ መታጠፊያ ላይ ጎማው ከቸርኬው ይላቀቃል። ጎማችሁ ከመነዳሪ ያለው ከሆነ ደግሞ 20ም ላይ ተጠንቀቁ። ጎማው ቸርኬው ላይ ሲንሸራተት ከመነዳሪውን ይዞት ይዞራል፣ ቫልቩ ይቆረጣል። እኔ ላይ ደርሷል፣ ያውም በዝናብ። ንፋሱን መልሳችሁ እስክትሞሉ ከ40 ኪሎሜትር በላይ አትንዱ። ከባትሪ የምትሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር ያለችው ሰው ጎሚስታ ፍለጋ አይንከራተትም።

ማንሳት

እዚህ ላይ ነው የተቃጠልኩት።

መኪና ከፍ ሲል ያምራል፣ አልክድም። ግን አንድ ስሌት አለ። የኋላው ዲፈረንሻል፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ለግራና ቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ድቡልቡል ብረት፣ የተቀመጠው አክስሉ ላይ ነው፣ አክስሉን የተሸከመው ደግሞ ጎማው ነው። ባሌስትራውን፣ መኪናውን የሚሸከመውን የተደራረበ የብረት ቅጠል፣ የፈለጋችሁትን ያህል ብታወፍሩት ከፍ የሚለው ሻንሲው ነው፤ ዲፈረንሻሉ እዚያው ነው። እሱን ከፍ የሚያደርገው ትልቅ ጎማ ብቻ ነው፣ ያውም በግማሽ። የጎማው ዲያሜትር 6 ሳንቲሜትር ቢጨምር ዲፈረንሻሉ ከመሬት የሚርቀው 3 ሳንቲሜትር ነው። አይሱዙ የቦረቦረው መንገድ መሃል ላይ ያለውን ጉብታ የሚላጨው ደግሞ እሱው ነው።

ይህን ሳላውቅ አንድ ጋራዥ ገባሁ። የእኔዋ ከዲፎርዲ በፊት የነበረችው ሂሉክስ ናት፤ ከፊት ሞላ ሳይሆን ቶርሽን ባር የሚባል ዘንግ ነው ያላት። ከኋላ የአይሱዙ ባሌስትራ ሁለት ቅጠል ጨመሩልኝ፣ ከፊት የቶርሽን ባሩን ብሎን አጥብቀው አነሱልኝ። ግማሽ ቀን ፈጀ፣ ዋጋውም ርካሽ። 8 ሳንቲሜትር ገደማ ከፍ አለች። ፎቶ ሁሉ ተነስቻለሁ።

መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነው። መሪ በጠመዘዝኩ ቁጥር ከፊት ጎማ በኩል ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው፤ የፊት እግሩ ለየብቻ በሚንቀሳቀስ መኪና ላይ ከፊት ዲፈረንሻል ወደ ጎማ የሚሄደው ዘንግ መጋጠሚያው ላይ በላስቲክ የተሸፈነ ነው። መኪናው ከልክ በላይ ሲነሳ ዘንጉ ቁልቁል አዘንብሎ ይቆማል፣ ላስቲኩ ሲታጠፍ ውሎ ይቀደዳል። ግሪሱ ወጣ፣ ዋልካ ገባ። መጋጠሚያው ሦስት ወር አልቆየም።

ሁለተኛው ነው የሚያስፈራው። 8 ኩንታል ዘር ጭኜ ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ እየወረድኩ ነው። ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። በማርሽ ነው የምወርደው፣ ፍሬን የምይዘው መታጠፊያ ላይ ብቻ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ፔዳሉም እየላላ መጣ። ጥግ ይዤ ቆምኩና ዞሬ ነካካሁ። የፊት ቸርኬዎቹ እጅ አያስጠጉም። የኋላዎቹ ለብ ብቻ ብለዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙ ፒካፖች ላይ ከኋላ አክስል ተነስቶ ሻንሲው ላይ ወዳለ የፍሬን ቫልቭ የሚሄድ ቀጭን ዘንግ አለ። ሥራው ጭነቱን መለካት ነው። ጭነት ሲኖር ሻንሲው ወደ አክስሉ ይጠጋል፣ ቫልቩም ለኋላ ፍሬን በደንብ ይለቃል። ባዶ ሲሆን ይራራቃሉ፣ ቫልቩ ይቀንሳል። ባሌስትራ ጨምራችሁ ስታነሱት ቫልቩ መኪናውን ሁልጊዜ ባዶ ያደርገዋል። 8 ኩንታሉን በፊት ፍሬን ብቻ ነበር የያዝኩት ማለት ይቻላል። ጋራዡ ስለዚህ ዘንግ አንድ ቃል አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

የግድ የምታነሱ ከሆነ ከ5 ሳንቲሜትር አትለፉ። ቅጠል ከመደራረብ ለሞዴሉ የተሠራ ባሌስትራ ከነአሞርዛተሩ ግዙ። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። የዚያ ቫልቭ ዘንግ አክስሉ ላይ የታሰረበት ብረት መኪናው በተነሳበት ልክ ከፍ ይደረግ። ከዚያ መኪናውን በክሪክ አንሱትና የኋላው አክስል ወደ ታች ተንጠልጥሎ እያለ የፍሬን ቱቦው እንዳልተወጠረ በዓይናችሁ እዩ። «ምንም አይልም» የሚል መካኒክ ካለ ሌላ መካኒክ ፈልጉ። በመጨረሻ አላይመንት አሠሩ። አክስልና ባሌስትራ መሃል ብረት መሰካት የሚባለውን አቋራጭ ከነጭራሹ እርሱት።

ውሃ

ዲፈረንሻል ላይ ትንሽ መተንፈሻ አለች። ግሎ የመጣ ዲፈረንሻል ድንገት ወንዝ ሲገባ ይቀዘቅዛል፣ በመተንፈሻው ውሃ ይስባል፣ ዘይቱ ማኪያቶ ይመስላል። ለመተንፈሻዋ ረዘም ያለ ቱቦ አጥልቃችሁ እስከ ኮፈኖው ከፍታ ውሰዱት። ካሠራሁት ሁሉ ርካሹ ይህ ነው፣ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝም እሱ ነው። ስኖርከል፣ ሞተሩ ከላይ አየር እንዲስብ የሚሰቀለው ቱቦ፣ ግን ለአብዛኞቻችን ጌጥ ነው። ጨሞጋም ሆነ ሙጋ ደፍርሶ ድንጋይ ሲያንከባልል ካያችሁ ስኖርከል አያሻግራችሁም። ሻይ ጠጥታችሁ እስኪጎድል ጠብቁ።

የሚያዝ ዕቃ

አካፋ፣ ጠንካራ ገመድ፣ ክሪክ፣ ሁለት ጣውላ። ክሪክ ብቻውን ጭቃ ላይ መኪናውን አያነሳም፣ ራሱ ነው የሚሰምጠው፤ ሥሩ ጣውላ ይግባ። ገመዱን ከሻንሲው ጋር እሰሩት፣ ከፓራውልት ጋር አይሆንም። ሲወጠር ማንም አጠገቡ አይቁም።

ዊንች፣ ማለትም መኪናው ራሱን በገመድ የሚጎትትበት መሣሪያ፣ ልግዛ ወይ የሚሉኝ አሉ። የት ልታስሩት? የቢቸና ሜዳ ላይ ባህር ዛፉ ያለው መንደሩ ጥግ ነው፣ እናንተ የምትሰምጡት ጤፍ መሃል ነው። ፋግታ ለኮማ ብትሆኑ ሌላ ነገር ነበር፤ እዚያ ዲከረንስ የሚባለው የግራር ዛፍ ግራና ቀኝ ሞልቷል። ለእኔ ግን የሚገፋ ሰው ይሻለኛል፣ እሱ ደግሞ ከየትም ብቅ ይላል። የሚገፉትን ከጎማው በቀጥታ ኋላ አታቁሟቸው፤ ነጠላቸው በዋልካ ተለውሶ ይቀራል።

ማታ ስትገቡ የቸርኬውን የውስጥ በኩል እጠቡ። ደክሟችሁ ከተዋችሁት ዋልካው ሌሊቱን ይደርቃል። በማግስቱ አስፋልት ላይ 80 ስትደርሱ መሪው ይንቀጠቀጣል። እኔ ሁለት ጊዜ ለባላንስ ከፍያለሁ። በሦስተኛው ጎሚስታው ጎንበስ ብሎ አየና በጠፍጣፋ ብረት ግማሽ ባልዲ የሚሆን አፈር ከቸርኬው ፈልፍሎ አወጣ።