ከአንድ ወጥ እንጨት ደጋን ስለ መሥራት

በአማርኛ «ቀስት» የሚለው ቃል አንዳንድ ጊዜ የሚለጠጠውን መሣሪያ፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ከእርሱ ተፈናጥሮ የሚሄደውን ስለሚያመለክት፣ በዚህ ጽሑፍ የሚለጠጠውን ደጋን፣ የሚሄደውን ፍላጻ፣ ሁለቱን ጫፎች የሚያገናኘውን ገመድ አውታር እያልሁ እጽፋለሁ። የምናገረውም ከአንድ ወጥ እንጨት ስለሚወጣው ደጋን ብቻ ነው፤ ቀንድና ጅማት እየተለጠፈበት የሚሠራው ራሱን የቻለ ሌላ ሙያ ነው።

ደጋን ሲለጠጥ በእንጨቱ ውስጥ ሁለት ተቃራኒ ነገሮች በአንድ ጊዜ ይፈጸማሉ። ወደ ዒላማው የሚመለከተው ጎን ጀርባ ይባላል፤ ደጋኑ ሲለጠጥ የጀርባው ክሮች ይሳባሉ። ወደ ተኳሹ የሚመለከተው ጎን ሆድ ይባላል፤ እርሱ ደግሞ ይጨመቃል። ጀርባው መሳቡን ካልቻለ ደጋኑ በአንድ ቅጽበት ይሰበራል። ሆዱ መጨመቁን ካልቻለ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስብራት አይኖርም፤ አውታሩ ሲወልቅለት ደጋኑ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ሳይመለስ እንደ ጎበጠ ይቀራል፣ ኃይሉም በዚያው መጠን ይደክማል። ስለዚህ የጀርባውን ጉዳይ እንጨት ስንመርጥ፣ የሆዱን ጉዳይ ደግሞ እንጨቱን ስንፍቅ እንወስነዋለን።

ዪው፣ ኦሴጅ ኦሬንጅ፣ ብላክ ሎከስት፣ ኤልም፣ አሽ፣ ሂከሪና ሜፕል የሚባሉት ዛፎች በዚህ ሥራ ተፈትነው የታወቁ ናቸው። ዪው የሚደነቀው በተፈጥሮው ሁለት ዓይነት እንጨት አጣምሮ ስለያዘ ነው፤ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጣ ያለ ክፍል መሳብን፣ ውስጠኛው ቀላ ያለ ክፍል መጨመቅን አጥብቆ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1545 ከሰጠመችው ሜሪ ሮዝ ከተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ውስጥ የተገኙት ከ100 በላይ የሆኑ ረጃጅም ደጋኖች የተሠሩት ከዚሁ እንጨት ነው። ይሁን እንጂ ጀማሪ በዪው እንዲጀምር አልመክርም፤ ጉጥ ይበዛበታል፣ ሲፋቅ የሚወጣው ብናኝም መርዛማ ነው። ሂከሪ ወይም አሽ ይሻላል። በተለይ ሂከሪ ጀርባው እጅግ ጠንካራ ስለሆነ የጀማሪን ስሕተት ይታገሣል።

ግንድ የመምረጥ ዕድል ካለዎት ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረትና 180 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ ቅርንጫፍ ያልወጣበትን ቀጥ ያለ ክፍል ይፈልጉ። ቅርፊቱን በጥንቃቄ ይመልከቱ፤ ስንጥቆቹ ግንዱን እየዞሩ የሚወጡ ከሆነ ከሥር ያለው እንጨትም የተጠማዘዘ ነውና ይተዉት። ግንዱ እንደ ተቆረጠ ሁለቱን ጫፎች በኮላ ወይም በቀለም ይሸፍኑ። ውኃ ከእንጨት በፍጥነት የሚወጣው በተቆረጠው ጫፍ በኩል ስለሆነ፣ ክፍት ከተተወ ጫፉ ከሌላው ክፍል ቀድሞ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። ከዚያም ግንዱን በመጋዝ ሳይሆን በሽብልቅ ይፍለጡት። መጋዝ ክሩን ሳይጠብቅ ያቋርጣል፤ ሽብልቅ ግን ክሩን ተከትሎ ስለሚሄድ፣ ያገኙት ፍልጥ ምን ያህል ቀጥ ያለ እንደሆነ ገና ከመጀመሪያው ያሳያል።

ፍልጡ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ጥላና ነፋስ ባለበት ቦታ ይደርቃል። የማድረቂያውን ጊዜ በወራት መቁጠር ያሳስታል፤ ይልቁንም ፍልጡን በየሳምንቱ እየመዘኑ ክብደቱን በላዩ ላይ በእርሳስ ይጻፉ። ክብደቱ ለተከታታይ ሳምንታት መቀነሱን ሲያቆም ከአካባቢው አየር ጋር ተስተካክሏል ማለት ነው። ለደጋን ተስማሚ የሚሆነው እርጥበት ከእንጨቱ ደረቅ ክብደት ከ8 እስከ 10 በመቶ ገደማ ነው፤ ከዚህ በጣም የረጠበ እንጨት ሲለጠጥ እንደ ጎበጠ ይቀራል፣ ከመጠን በላይ የደረቀውም ይሰበራል። ፍልጡን በቶሎ ለማድረቅ ከፈለጉ በሻካራው የደጋን ቅርጽ አውጥተው ያቆዩት፤ የቀጠነ እንጨት ፈጥኖ ይደርቃልና።

ግንድ የማያገኝ ሰው በተዘጋጀ ጣውላ መጀመር ይችላል። ምርጫው ግን ጥብቅ መሆን አለበት። በጣውላው ፊትና በጎኑ ላይ የሚታዩት መስመሮች ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ሳይቋረጡ መሄድ አለባቸው። መሐል ላይ ወደ ጎን ወጥተው የሚያልቁ ከሆነ፣ በዚያ ቦታ የተቆረጡት ክሮች ደጋኑ ሲለጠጥ እየተላጡ ይነሣሉ። ብዙ ጣውላ አገላብጦ ባዶ እጅ መመለስ፣ ሰነፍ ጣውላ ይዞ ብዙ ቀን ከመልፋት ይሻላል።

ከፍልጥ ለሚሠራ ደጋን ዋናው ሕግ ጀርባው ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ የዕድገት ቀለበት፣ ማለትም ዛፉ በአንድ ዓመት የሚጨምረው አንድ የእንጨት ንብርብር፣ ብቻ መሆን አለበት የሚለው ነው። በአሽ፣ በሂከሪ፣ በኤልምና በሜፕል ይህ ቀላል ነው፤ ቅርፊቱ ሲላጥ ከሥሩ የሚገኘው ልሙጥ ገጽ ራሱ ያለቀለት ጀርባ ስለሆነ ስለት ሊነካው አይገባም። በኦሴጅ ኦሬንጅና በብላክ ሎከስት ግን አብዛኞቹ ሠሪዎች ውጨኛውን ነጭ እንጨት አንሥተው ከሥሩ ወፈር ያለ አንድ ቀለበት ይመርጣሉ። በየሁለቱ ቀለበቶች መካከል ስስና ቀዳዳ የበዛበት ንብርብር አለ፤ ስለቱ እርሱን ሲነካ ይንኮሻኮሻል፣ ጠንካራውን ቀለበት ሲያገኝ ድምፁም የእጅ ስሜቱም ይለወጣል። በዚህ ጊዜ ጥሩ ብርሃን ከጎን እንዲመጣ አድርገው፣ ባለ ሁለት እጀታውን መላጊያ ቢላዋ ትተው በመፋቂያ ብረት ቀስ ብለው ይቀጥሉ። ጉጥ ባለበት ቦታ ቀለበቱ እንደ ጉብታ ከፍ ይላል፤ ጉብታውን ለማስተካከል ብለው አይቁረጡት፣ ዙሪያውን ተከትለው ይለፉ። ይህን ሥራ አንድ ሙሉ ቀን ቢፈጅም እወደዋለሁ፤ ዛፉ በአንድ ዓመት ውስጥ ያበቀለው እንጨት እንዳለ ተገልጦ የሚታይበት ሰዓት ነው።

ቅርጹን ለማውጣት በፍልጡ ርዝመት መሐል ለመሐል ክር ወጥረው መስመር ያስምሩ። ፍላጻውን እስከ 71 ሴንቲ ሜትር ለሚስብ ሰው 170 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ደጋን መልካም ነው፤ መጨበጫው የማይታጠፍ ደጋን ከመሳቢያው ርዝመት እጥፍ በላይ መሆን አለበትና። መሐሉ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መጨበጫ ይተዉ፤ ከዚያ ግራና ቀኝ በ5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስፋቱ ቀስ በቀስ ወደ 4.5 ሴንቲ ሜትር ያድግ። ከመጨበጫው እስከ ጫፉ ያለው ክፍል ክንድ ይባላል፤ ይህ ስፋት እስከ ክንዱ አጋማሽ ይዘልቅና ከዚያ በቀጥታ መስመር እየጠበበ ጫፉ ላይ 1.2 ሴንቲ ሜትር ይድረስ። የመጨበጫው ውፍረት 4 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ክንዶቹ ግን ከመጨበጫው አጠገብ ከ2 ሴንቲ ሜትር ጀምረው ጫፉ ላይ 1.5 ሴንቲ ሜትር እስኪሆኑ ይሳሱ። ከጀርባው በቀር ሁሉም ጎን በመጥረቢያና በእንጨት ሞረድ ይወርዳል፤ ሹል ማዕዘኖች በሙሉ፣ በተለይ የጀርባው ጠርዞች፣ በጥቂቱ ይከበቡ።

እ.ኤ.አ. በ1991 በኦስትሪያና በኢጣሊያ ድንበር አካባቢ ከአልፕስ በረዶ ውስጥ በተገኘው፣ ከ5,000 ዓመት በፊት በኖረው ሰው አጠገብ የነበረው የዪው ደጋን የቀረው እዚህ ደረጃ ላይ ነው። ርዝመቱ 1.82 ሜትር ሲሆን፣ የተጠረበበት ምልክት በላዩ ላይ እንዳለ ነው። ባለቤቱ እንጨቱን መርጦ፣ ቅርጹን አውጥቶ፣ ዋናውን ሥራ ሳይጀምር ሞተ።

ዋናው ሥራ ሁለቱ ክንዶች እኩልና ወጥ በሆነ ቅስት እንዲታጠፉ ማለማመድ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። የክንዱን ስፋት በአንድ አሥረኛ ቢቀንሱ ጥንካሬው የሚቀንሰው በአንድ አሥረኛ ነው፤ ውፍረቱን በአንድ አሥረኛ ቢቀንሱ ግን ጥንካሬው ከሩብ በላይ ይቀንሳል፣ ምክንያቱም ጥንካሬው የሚከተለው ሦስት ጊዜ በራሱ የተባዛውን ውፍረት ነው። 15 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ክንድ ላይ ይህ 1.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ከዚህ በኋላ መጥረቢያውን ያስቀምጡ፤ ሞረድ፣ ቀጥሎም መፋቂያ ብረት ይበቃል።

መጀመሪያ አንዱን ጫፍ መሬት ላይ አስደግፈው፣ መጨበጫውን ይዘው በሰውነትዎ ክብደት ቀስ ብለው ይጫኑ። ክንዱ በትንሹ መታጠፍ ሲጀምር ከጫፎቹ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ ብለው በክብ ሞረድ አውታሩ የሚያርፍበትን ቦይ በጎንና በጎኑ ይቅረጹ፤ ቦዩ ጀርባውን ማቋረጥ የለበትም። ከዚያ ከደጋኑ ረዘም ያለ፣ ላላ ያለ አውታር ያስገቡ። መጨበጫውን ግድግዳ ላይ በጸና ድጋፍ ያሳርፉ፤ አውታሩን ከታች በተተከለ መዘውር ውስጥ በሚያልፍ ገመድ ጥቂት ሜትር ርቀው በመቆም ይሳቡ። ርቀቱ ሁለት ጥቅም አለው፤ ደጋኑ ቢሰበር ስብርባሪው አይደርስብዎትም፣ ሁለቱን ክንዶችም በአንድ ጊዜ ማየት ይችላሉ። ከኋላቸው ግድግዳው ላይ አግድም መስመሮች ቢያሰምሩ ማነጻጸሩ ይቀላል።

አሁን የሚፈለገው የማይታጠፈውን ቦታ መለየት ነው። ከመጨበጫው ጀምሮ እስከ ጫፉ ድረስ ዓይንዎን ቀስ ብለው ያሂዱ፤ ቀጥ ብሎ የቀረውን ክፍል በሆዱ በኩል በእርሳስ ያጥቁሩት፤ ከዚያ እርሳሱ እስኪጠፋ ብቻ ይፋቁ። ደጋኑን መልሰው ሠላሳ ጊዜ ያህል እስከ አሁን እስከ ደረሰበት ርቀት ብቻ ይለጥጡት፤ እንጨቱ የተፋቀውን በሙሉ የሚያሳየው ከዚህ በኋላ ነውና፣ ወዲያው አይቶ እንደገና መፋቅ ከሚገባው በላይ ወደ ማንሣት ይመራል። አብዝቶ የሚታጠፍ ቦታ ካገኙ አይንኩት፤ ሌላው ሁሉ ወደ እርሱ እስኪደርስ ይፋቁ። ጉድለት በሚታይበት ርቀት ላይ ቆመው ጉድለቱን ሳያስተካክሉ ከዚያ አልፈው አይሳቡ። የእኔ የመጀመሪያ ደጋን የተሰበረው በዚህ ምክንያት ነው፤ የግራው ክንድ መሐል ላይ እንደ ማጠፊያ መታጠፉን እያየሁ፣ ሙሉ በሙሉ ሲለጠጥ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ጓጉቼ ሳብሁት።

ሁለቱ ክንዶች በረጅሙ አውታር እኩል ሲታጠፉ፣ በአጭር አውታር በመጀመሪያ በአውታሩና በመጨበጫው መካከል ያለው ርቀት ከ8 ሴንቲ ሜትር ሳይበልጥ ይወጥሩት፤ ሲስተካከል ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ያሳድጉ። ከዚያ በኋላ ተንጠልጣይ ሚዛን ከገመዱ ጋር ያያይዙ። ለጀማሪ ሙሉ በሙሉ ሲለጠጥ ሚዛኑ ከ16 እስከ 18 ኪሎ ግራም የሚያሳይበት ደጋን በቂ ነው፤ የታሰበው ክብደት 18 ኪሎ ከሆነ፣ ርቀቱ ገና 50 ሴንቲ ሜትር ቢሆንም ሚዛኑ 18 ካሳየ እዚያው ያቁሙ፣ ከሁለቱም ክንዶች እኩል ይፋቁ፣ ከዚያ ይቀጥሉ። እንዲህ በ2 ሴንቲ ሜትር፣ በ2 ሴንቲ ሜትር እየጨመሩ 71 ሴንቲ ሜትር ይደርሳሉ። በመጨረሻ የመጨበጫው አካባቢና የጫፎቹ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከመሐሉ ይልቅ ቀጥ ብለው ቢቀሩ መልካም ነው፤ የታችኛው ክንድም ከላይኛው በጥቂቱ ጠንከር ይበል። በሆዱ ላይ ክሩን የሚያቋርጡ ቀጫጭን መስመሮች ከታዩ በዚያ ቦታ እንጨቱ መጨመቁን መቋቋም አቅቶታል ማለት ነውና፣ መሳቡን አቁመው የጎረቤቱን እንጨት ይፋቁ፤ ከዚህ በኋላ ደጋኑ ከታሰበው ክብደት ዝቅ ማለቱ አይቀርም።

ለአውታር ዳክሮን የሚባለው የፖሊስተር ክር ለእንጨት ደጋን ይስማማል፤ በጥቂቱ ስለሚሳሳብ ጫፎቹን አይጎዳም። ክሮቹን በሁለት ወይም በሦስት ክፍል ከፍለው በሰም እያሹ፣ እያንዳንዱን ክፍል ወደ አንድ አቅጣጫ እየጠመዘዙ ሁሉንም ወደ ተቃራኒው በመግመድ አንዱን ጫፍ ቀለበት ያድርጉት፤ ሌላውን በቋጠሮ ማሰር ርዝመቱን ለማስተካከል ያመቻል።

ማሳመሩ አጭር ሥራ ነው። የሞረዱ ጭረት በሙሉ እስኪጠፋ በመፋቂያ ብረት፣ ቀጥሎም እየለሰለሰ በሚሄድ ብርጭቆ ወረቀት ይሹት፤ ይህ ክብደቱን በጥቂቱ ስለሚቀንስ አስቀድሞ ማሰብ ይገባል። ከዚያ ብዙ ስስ ንብር የተልባ ዘይት ይቀቡት። ዘይቱ የነካውን ጨርቅ ጠቅልለው አይጣሉት፤ ሲደርቅ ራሱ ሙቀት ስለሚፈጥር ሊቀጣጠል ይችላልና፣ ከቤት ውጭ ዘርግተው ያድርቁት።

ፍላጻ ሳያስገቡ ሙሉ በሙሉ ለጥጠው ፈጽሞ አይልቀቁት፤ ወደ ፍላጻው መተላለፍ የነበረበት ኃይል ተመልሶ እንጨቱን ይመታዋል። የመጀመሪያዎቹን 100 ፍላጻዎች ከተኮሱ በኋላ ደጋኑን ወደ ግድግዳው ድጋፍ መልሰው ቅስቱን እንደገና ይመርምሩ፤ ብዙውን ጊዜ አንዱ ክንድ በጥቂቱ ደክሞ ይገኛልና ሌላውን ጥቂት መፋቅ ያስፈልጋል። ከተኩስ በኋላ አውታሩን ያውልቁ፤ ደጋኑን ከምድጃና ከፀሐይ ርቆ፣ በአንድ ጫፉ ሳይቆም፣ በሁለት ችካሎች ላይ አግድም ያሳርፉት።